ስለ እንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ዳኞች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁ። ለንደን ውስጥ በሕግ ሥራ ላይ ስለሆንኩ ስለ እንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ዳኞች ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝን እነሆ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ይግባኝ ሰሚ ዳኞች የሚባሉት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ናቸው?

ሁለት እርከን አለ። ለእንግሊዝና ለዌልስ ራሱን የቻለ የይግባኝ ፍርድ ቤት አለ፤ አንዱ ክፍል ፍትሐ ብሔር፣ ሌላው ወንጀል ያያል። ዳኞቹ ሎርድ ጀስቲስ ወይም ሌዲ ጀስቲስ ተብለው ይጠራሉ፤ መደበኞቹ ከ39 አይበልጡም። የፍትሐ ብሔሩን ክፍል ማስተር ኦቭ ዘ ሮልስ የሚባሉት ዳኛ ይመሩታል። ወንጀሉን የሚመሩት የዳኞች ሁሉ የበላይ የሆኑት ሱ ካር ናቸው፤ በ2023 ሲሾሙ በዚያ ወንበር የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ከዚህ በላይ ያለው 12 ዳኞች የሚያስችሉበት የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ሥራ የጀመረው በ2009 ነው፤ ከዚያ በፊት የመጨረሻውን ይግባኝ የሚሰሙት ከፓርላማው የላይኛው ምክር ቤት አባላት መካከል የሆኑ የሕግ ሎርዶች ነበሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሚቀበለው ለሕዝብ ሰፊ ፋይዳ ያለው የሕግ ጥያቄ የያዙ ጥቂት ጉዳዮችን ብቻ ስለሆነ፣ ይግባኝ ለሚል አብዛኛው ሰው ነገሩ የሚያልቀው እታች ነው።

ጥያቄ፦ ይግባኝ ብል ምስክሮቼን እንደገና ያሰሙልኛል?

አያሰሙልህም። ወገኖቻችን ብዙ የሚጎዱት እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

ይግባኝ ሰሚ ችሎት ታሪክህን ከሀ እስከ ፐ አይሰማም። ምስክሩን በዓይኑ ያየ የሥር ዳኛ “አምኜዋለሁ” ወይም “አላመንኩትም” ካለ፣ በላይ ያሉት ያንን በቀላሉ አይነኩትም። የሚመረምሩት ሌላ ነገር ነው፤ ሕጉ በትክክል ተተርጉሟል ወይ፣ ተከራካሪዎቹ በአግባቡ ተሰምተዋል ወይ፣ በዚያ ማስረጃ ማንም ዳኛ ሊደርስበት የማይችል ድምዳሜ ላይ ተደርሷል ወይ? አዲስ ማስረጃ የሚገባው ከስንት አንዴ ነው።

ስትራንድ መንገድ ላይ ያለው ትልቁ የፍርድ ቤት ሕንፃ ገብታችሁ ብታዩት ይገባችኋል። የምስክር ሳጥኑ ባዶ ነው። ከፍ ባለው ወንበር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዳኞች ይቀመጣሉ። የጽሑፍ ክርክሩን ቀድመው አንብበው ስለሚመጡ ጠበቃው ንግግር ለማድረግ ፋታ አያገኝም፤ ገና ከመጀመሩ አንደኛው ዳኛ ያቋርጡትና የሥር ፍርዱን አንዷን አንቀጽ ገልጠው “ታዲያ ስህተቱ የቱ ጋ ነው?” ይሉታል። ለዚህ ቀጥተኛ መልስ ከሌለው ቀኑ ይከብደዋል። ስለዚህ ያላችሁን ሰነድና ምስክር ሁሉ መጀመሪያው ችሎት ላይ አቅርቡ። “በይግባኝ አስረዳለሁ” ብሎ የያዘውን የደበቀ ሰው ምን ያህል እንደሚጸጸት ደጋግሜ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ የአጎቴ ልጅ የጥገኝነት ጉዳዩ በሁለቱም ትሪቡናል (የስደተኞችን ይግባኝ በሚያዩት የታችኛውና የላይኛው ችሎት) ወደቀ። አሁን ወደ ይግባኝ ፍርድ ቤት መሄድ መብቱ አይደለም ወይ?

እህቴ፣ በቀጥታ መግባት አይቻልም፤ ፈቃድ ያስፈልጋል። አገር ቤት ሰበር ላይ “ያስቀርባል” ወይም “አያስቀርብም” እንደሚባለው ነው። ፈቃዱን መጀመሪያ የሚጠይቀው የላይኛውን ትሪቡናል ነው፤ እዚያ ካልተሳካለት ራሱን የይግባኝ ፍርድ ቤቱን ይጠይቃል። ጉዳዩ ከዚህ በፊት አንዴ በይግባኝ ስለታየ መስፈርቱ ከበድ ይላል። የማሸነፍ ተስፋ ሊኖረው ይገባል፤ በዚያ ላይ ከእሱ አልፎ ለሌሎችም የሚጠቅም የሕግ ጥያቄ ወይም ሌላ አስገዳጅ ምክንያት ማሳየት አለበት። “ዳኛው አላመኑኝም” ብቻውን አይበቃም። “ዳኛው የሐኪሙን ማስረጃ ጭራሽ ሳያዩ አላመኑኝም” ግን የሕግ ስህተት ሊሆን ይችላል። የውሳኔ ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን አሁኑኑ ተመልከቱ፤ ጊዜው አጭር ነው። ፈቃድ ያለው የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ ዛሬ አነጋግሩ።

ጥያቄ፦ ዳኞቹ እርስ በርስ ካልተስማሙስ?

የአብላጫው ድምፅ ፍርድ ይሆናል፤ የተለየው ሐሳብም ከነምክንያቱ ይታተማል። የሩዋንዳውን ጉዳይ አስታውሱ። መንግሥት ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ ልላክ ሲል የሥር ፍርድ ቤት ዕቅዱን ሕጋዊ ነው አለው። በሰኔ 2023 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ 2 ለ 1 ሻረው፤ በልዩነት የቀሩት በወቅቱ የዳኞች ሁሉ የበላይ የነበሩት ሎርድ በርኔት ነበሩ። ትልቁ ሹመኛ በሁለት ባልደረቦቻቸው ተሸነፉ ማለት ነው፤ በአንድ ችሎት ላይ የእያንዳንዱ ዳኛ ድምፅ እኩል ነው። በኅዳር ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የይግባኙን ውጤት በሙሉ ድምፅ አጸና።

በአንድ ድምፅ ብልጫ የተወሰነ ነገር ሕግን ሊለውጥም ይችላል። በ1928 ስኮትላንድ፣ ፔዝሊ ከተማ፣ አንዲት ሴት ካፌ ውስጥ ጓደኛዋ የገዛችላትን ዝንጅብል ቢራ ጠጣች። ጠርሙሱ ጠቆር ያለ ነበር። የቀረው ሲቀዳ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ወጣ በማለት አምራቹን ከሰሰች። የገዛችው እሷ ስላልሆነች ከማንም ጋር ውል አልነበራትም። በ1932 የሕግ ሎርዶቹ 3 ለ 2 ሆነው አምራቹ ለመጨረሻው ተጠቃሚም የጥንቃቄ ግዴታ አለበት አሉ። ዛሬ በብዙ አገር በቸልተኝነት ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው በዚያ ፍርድ መሠረት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጃንሆይ እንግሊዝ አገር ፍርድ ቤት ከሰው ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ስለጠየቅከኝም ደስ ብሎኛል። ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የሚባለው ኩባንያ በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል ለሚደረግ የራዲዮ ቴሌግራፍ አገልግሎት ከመንግሥታችን ጋር ውል ነበረው፤ በሒሳቡም ለኢትዮጵያ የሚከፈል ገንዘብ ነበር። ጃንሆይ ባዝ ከተማ በስደት ሳሉ ገንዘቡ ይከፈለኝ ብለው ከሰሱ። ጭብጡ “ዛሬ የኢትዮጵያን መንግሥት ገንዘብ የመጠየቅ መብት የማን ነው?” የሚል ሆነ።

በ1938 ክረምት የመጀመሪያው ዳኛ ለጃንሆይ ፈረዱ። እንግሊዝ ጣሊያንን አገሩን በእጁ ያደረገ ኃይል መሆኑን ብቻ ነው የተቀበለችው፤ በሕግ ንጉሠ ነገሥት አድርጋ የምታውቀው ኃይለ ሥላሴን ነው፤ ስለዚህ መብቱ የእርሳቸው ነው አሉ። ኩባንያው ይግባኝ አለ። ይግባኙ ሳይሰማ ግን በኅዳር ወር የብሪታንያ መንግሥት የጣሊያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ሕጋዊ ንጉሠ ነገሥት ብሎ አወቀ፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱም ይህንኑ ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ አረጋገጠ። በታኅሣሥ ሦስቱ ይግባኝ ሰሚ ዳኞች የሥር ፍርዱን ሻሩት፤ ዕውቅናው ወደ ኋላ እስከ ታኅሣሥ 1936 ድረስ ይሠራል፣ መብቱም ወደ ጣሊያን ንጉሥ ተላልፏል አሉ።

ፍርዱን ሳነበው ዛሬም ያንገበግበኛል። የሥር ዳኛው በፈረዱበት ቀን አልተሳሳቱም፤ የተለወጠው የመንግሥት አቋም ነው። ለአንድ አገር ሕጋዊ መሪ ዕውቅና የሚሰጠው መንግሥት እንጂ ዳኛ አይደለም የሚለው ደንብ የጸና ስለነበር ችሎቱ ደብዳቤውን አልፎ መመርመር አልቻለም። ይግባኝ ሰሚ ዳኛ ሥልጣኑ የት ላይ እንደሚቆም ከዚህ በላይ የሚያሳይ መዝገብ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ንጹሕ ሰው ተፈርዶበት ይግባኙም ውድቅ ቢሆንበትስ?

ይህ ደርሷል፤ ዳኞቹም ተጠያቂ ናቸው። በ1974 በበርሚንግሃም መጠጥ ቤቶች በደረሰው ፍንዳታ 21 ሰዎች ሞቱ። ስድስት ሰዎች ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ፖሊስ ደብድቦናል ብለው የፍትሐ ብሔር ክስ ሲመሠርቱ፣ ያን ጊዜ ማስተር ኦቭ ዘ ሮልስ የነበሩት ታዋቂው ሎርድ ዴኒንግ በ1980 ክሱን ዘጉት። ከምክንያታቸው አንዱ እነዚህ ሰዎች ቢረቱ ፖሊስ በሐሰት መስክሯል፣ በግፍም አስገድዷል ማለት ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ለማሰብ እንኳ የሚዘገንን ነው የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ምክንያት ከዳኛ አፍ መውጣት አልነበረበትም፤ ነገሩ ዘግናኝ ከሆነ ይበልጥ መመርመር ነበረበት። በ1988 ይግባኝ ፍርድ ቤቱ እንደገና አየውና ፍርዱን አጸናው። በመጨረሻ በ1991፣ ከ16 ዓመት እስር በኋላ፣ ያው ፍርድ ቤት ሻረው።

እንዲህ ያሉ ጥፋቶች ናቸው የወንጀል ጉዳዮችን የሚመረምር ነፃ ኮሚሽን በ1997 ሥራ እንዲጀምር ያደረጉት፤ ጥርጣሬ ሲያይ መዝገቡን መልሶ ወደ ይግባኝ ሰሚዎቹ ይልካል። እሱም ፍጹም አይደለም። በ2023 ከ17 ዓመት እስር በኋላ ነፃ የተባለው አንድሩ ማልኪንሰን፣ ኮሚሽኑ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አልቀበልም ብሎት ነበር።

ጥያቄ፦ መንግሥት ያልወደደውን ዳኛ ማባረር ይችላል?

አይችልም። ከ1701 ሕግ ወዲህ ከፍተኛ ዳኛ የሚነሣው ሁለቱም ምክር ቤቶች ለዘውዱ ሲጠይቁ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ በዚህ መንገድ የተነሡት አንድ ዳኛ ናቸው፤ በ1830 የአየርላንዱ ጆና ባሪንግተን፣ ፍርድ ቤት የተቀመጠ ገንዘብ ወስደው። ያለዚያ ጡረታ እስኪወጡ ይሠራሉ፤ የጡረታው ዕድሜ በ2022 ከ70 ወደ 75 ከፍ ብሏል።

ጥያቄ፦ ስኮትላንድስ?

የራሷ ፍርድ ቤቶች አሏት። የፍትሐ ብሔር ይግባኟ ለንደን ላለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችላል፤ የወንጀሉ ግን ከሰብአዊ መብትና ከሥልጣን ክፍፍል ጥያቄዎች በቀር እዚያው ኤደንብራ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሕግ ልታጠና ነው። ችሎቱን ገብታ ማየት ትችላለች?

አዎ እናቴ፣ በነፃ። በር ላይ ይፈትሿታል፤ የዕለቱን ዝርዝር አይታ የምትፈልገው ችሎት ገብታ ከኋላ ትቀመጥ፤ ስልኳን ትዝጋ፤ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ከቤት ሆና ማየት ከፈለገች የጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ሆነ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ብዙ የፍትሐ ብሔር ክርክሮች በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋሉ። አንድ ክርክር ትምረጥና የሥር ፍርዱን ቀድማ ታንብብ፤ ያለዚያ ዳኞቹ የሚጠይቁት ነገር አይገባትም።