በ4 ጊጋ ራም ጃቫ ለመማር የቱን ልጫን? ኮምቦልቻ ላለው ጠያቂያችን

ሰላም ወንድሜ። ኮምቦልቻ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ ብለሃል። ላፕቶፕህ 4 ጊጋ ራም ነው፤ ኢንተርኔትህ የስልክ ዳታ ነው። መምህራችሁ ኔትቢንስ በሚባለው የኮድ መጻፊያ (አይዲኢ) ነው የሚያስተምሩት፤ ጓደኞችህ ደግሞ ኢንቴሊጄ ካልሆነ አይሆንም ይሉሃል። የቱን ልጫን ነው ጥያቄህ።

አብሽር፣ ማሽኑ ለትምህርት ይበቃሃል። እኔ እዚህ ደሴ በጃቫ እየሠራሁ ነው የምኖረው፤ «አልሠራ አለኝ» ተብሎ የሚመጣልኝ የተማሪ ላፕቶፕም አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ጣጣው አይዲኢው አይደለም። ጄዲኬው ነው፤ የጃቫ ኮድህን የሚተረጉመውና የሚያስነሳው መሣሪያ ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጄዲኬውን ለብቻው ጫን። ቴሙሪን የሚባለው የአዶፕቲየም ስርጭት ነፃ ነው፤ አካውንት ክፈት አይልህም። ስሪቱን ግን መምህራችሁን ጠይቅ። እሳቸው 17 ከሆኑ አንተም 17 ሁን፤ 21 ከሆኑ 21። አዲሱን ማሳደድ እዚህ ላይ አይጠቅምህም። በ21 ኮምፓይል ያደረግከውን (ወደ ክላስ ፋይል የተረጎምከውን) 17 ብቻ ባለው የላብ ኮምፒውተር ላይ ስታስነሳው «የክላስ ፋይሉ ስሪት 65 ነው፣ እኔ እስከ 61 ነው የማነበው» የሚል ስህተት ይመጣብሃል። ከቁጥሩ ላይ 44 ቀንስና የጃቫውን ስሪት ታገኘዋለህ፦ 65 ጃቫ 21 ነው፣ 61 ጃቫ 17፣ 52 ደግሞ ጃቫ 8። ይህን ያላወቀ ልጅ ደህናውን ኮድ ሲያፈርስና ሲሠራ ያድራል።

ኮምፓይል ልታደርግ ስትል ዊንዶውስ «ጃቫሲ የሚባል ትእዛዝ አላውቅም» ካለህ ደግሞ ጄዲኬው ፓዝ (ዊንዶውስ ትእዛዞችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ውስጥ አልገባም ማለት ነው። ስትጭን ፓዝ እና ጃቫ ሆም የሚሉትን ምርጫዎች አብራ፤ ከዚያ ትእዛዝ የምትጽፍበትን ጥቁሩን መስኮት ዘግተህ እንደገና ክፈተው። ሳይዘጉ መሞከር የብዙ ሰው በሽታ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ትንንሽ ፕሮግራሞች በኖትፓድና በጥቁሩ መስኮት ጻፋቸው። ከጃቫ 11 ወዲህ አንድ ፋይል ብቻ ከሆነ ኮምፓይል ሳታደርግ በቀጥታ «ጃቫ» ብለህ የፋይሉን ስም መስጠት ይበቃል። ፈተናው ወረቀት ላይ መሆኑን አትርሳ፤ እዚያ ሴሚኮለን የሚሞላልህ የለም።

አሁን ወደ አይዲኢው። ኮርሳችሁ ስዊንግ (በጃቫ መስኮትና በተን መሥሪያው) ካለው ኔትቢንስን ጫን፣ ክርክሩን ተወው። በተንና ሳጥኑን እየጎተትክ ፎርም መሥራት እዚያ ምቹ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ ራሱ የሚጽፈውን ግራጫ ኮድ እንድትነካው አይፈቅድም። እሱ የሚሠራልህን አንዴ በእጅህ ጽፈህ እየው። ደግሞ የቡድን ሥራ ሲመጣ አንዱ ኔትቢንስ ሌላው ኢንቴሊጄ አይሁን። ሁለቱም የፎርም ፋይል አላቸው፣ ግን ያንዱን ዲዛይን ሌላው አይከፍተውም።

ስዊንግ ከሌለው ለአንተ ማሽን ኤክሊፕስ የሚባለውን አይዲኢ እመርጣለሁ። መብራት ድንገት ሲጠፋና ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ አብሮ ሲጠፋ የኤክሊፕስ ወርክስፔስ (ፕሮጀክቶችህንና ቅንብሩን የሚይዝበት ፎልደር) አንዳንዴ ተበላሽቶ አልነሳም ይላል። አትደንግጥ፤ ኮድህ አለ። አዲስ ወርክስፔስ ከፍተህ ፕሮጀክቱን ኢምፖርት አድርገው።

ኢንቴሊጄ በጣም ጥሩ ነው፣ እኔም የምሠራበት እሱ ነው። ግን 8 ጊጋ በሌለበት ፋይሎቹን ኢንዴክስ እስኪያደርግ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ይደርሳል። ቪኤስ ኮድ ቀላል ነው የሚሉህን ደግሞ በከፊል ስማቸው። የጃቫ ኤክስቴንሽኑ ሲገባበት ከጀርባው የራሱን የጃቫ ሰርቨር ያስነሳል፤ እሱም የተሠራው በኤክሊፕስ መሣሪያዎች ላይ ነው። የምታተርፈው ራም እንደሚወራው አይደለም። የትኛውንም ብትጭን ግን ክሮምን ዝጋ!

ዳታህን የሚበላው ደግሞ ሜቨን ነው፤ ፕሮጀክቱ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች (የተዘጋጁ ኮዶች) ከኢንተርኔት የሚያወርድና ፕሮጀክቱን የሚገነባ (ቢልድ የሚያደርግ) መሣሪያ ነው። ወደፊት ስፕሪንግ የሚባለውን የጃቫ ማዕቀፍ (ፍሬምወርክ) ስትጀምር የመጀመሪያው ቢልድ የማይጠራው ላይብረሪ የለም። ያወረደውን ሁሉ ግን በተጠቃሚ ስምህ ፎልደር ሥር «ነጥብ ኤም2» የሚል ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። አንድ ጓደኛህ በዋይፋይ ያንኑ ፕሮጀክት ቢልድ ካደረገው ፎልደሩን በፍላሽ ገልብጠህ ያንተ ላይ ቦታው አስቀምጥ። ከዚያ ሜቨንን ኦፍላይን አድርገህ አስነሳው፤ ኢንተርኔት አይጠይቅህም። ደሴ የምትወጣ ከሆነ እኔ ዘንድ የተዘጋጀ አለ፣ ፍላሽ ይዘህ ና። ዚፕ የሆነውን ጄዲኬ፣ ኔትቢንስና ኤክሊፕስም አብረህ ትወስዳለህ።

የኮድህን ለውጦች የሚመዘግበውን ጊትንም አሁኑኑ ጫን። ኮሚት ለማድረግ (ለውጡን ላፕቶፕህ ላይ ለመመዝገብ) ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ ፑሹ (ወደ ኢንተርኔት መላኩ) ኢንተርኔት ሲገኝ ይደርሳል።

ብር ካገኘህ ከአዲስ ላፕቶፕ በፊት ራም ጨምር፤ ዲስክህ አሮጌው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ኤስኤስዲ አስገባ። ልዩነቱን ያን ቀን ታየዋለህ። ፒያሳ ያሉት የኮምፒውተር ቤቶች ይገጥሙልሃል። ግን ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ ሳታጣራ አትክፈል። አንዳንድ ላፕቶፕ ደግሞ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። የላፕቶፕህን ሞዴል እዚህ ሥር ጻፈውና አብረን እንየው።