ከቀለሙ በፊት ውፍረቱን ጠይቂ

ጥያቄ፦ እንደምን አላችሁ? ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር አካባቢ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ሠርተን አሁን ፊኒሺንግ ላይ ደርሰናል። ምድር ላይ ሳሎኑ፣ ወጥ ቤቱና የአማቴ መኝታ ቤት ናቸው፣ ፎቁ የእኛና የልጆች ነው። ባለቤቴ ወለሉ ሁሉም ሴራሚክ ይሁን ይላል። እኔ ልጆቹ መሬት ላይ ስለሚውሉ እንጨት ይሻላል ባይ ነኝ። አንዱ ሱቅ ኢንጂነርድ ውድ (engineered wood) የሚባል የወለል እንጨት አሳየኝ፣ ሌላው ደግሞ በግማሽ ዋጋ ሌላ ፓርኬ አውጥቶ «ያው ነው» አለኝ። እውነት ያው ነው? ለኛ ቤትስ ይሆናል?
የሦስት ልጆች እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ያው አይደለም። ሁለተኛው ሰውዬ ያሳየሽ ላሚኔት ሳይሆን አይቀርም። የላሚኔት መልክ ወረቀት ላይ የታተመ የእንጨት ፎቶ ነው፣ ከላይ ጠንካራ መከላከያ ተደርጎበት ከሥር በታመቀ የእንጨት ብናኝ ላይ የተጣበቀ። ኢንጂነርድ ውድ ግን ላዩ እውነተኛ እንጨት ነው፣ ብዙውን ጊዜ ኦክ። ከሥሩ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፐልሳቶ አለ፣ አንዱ ንብርብር በቁመት፣ ቀጣዩ በአግድም። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በብዛት የሚያብጠው በወርዱ ነው፤ ንብርብሮቹ ሲጠላለፉ አንዱ ሌላውን ይዞ ያስቀረዋል፣ ከወጥ ጣውላ ያነሰ የሚጣመመውም ለዚህ ነው።

ለመለየት ሻጩን ማመን አያስፈልግሽም። ካርቶኑን አስከፍቺና ሰባት ስምንቱን ጣውላ መሬት ላይ ደርድሪ። አንድ የእንጨት አንጓ ቁርጥ ራሱን ሆኖ ሌላው ጣውላ ላይ ከመጣ፣ የታተመ ነው። ከዚያ በመጋዝ የተቆረጠ ናሙና ጠይቂና ጎኑን እዪ። ኢንጂነርድ ከሆነ የላይኛው እንጨት ራሱን ችሎ እንደ አንድ ንብርብር ይታያል፣ ከሥሩ የኮምፐልሳቶው መስመሮች አሉ። ላሚኔት ከሆነ ጎኑ ወጥ ቡናማ ነው፣ ከላዩ እንደ ወረቀት የሳሳ ነገር ብቻ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «15 ሚሊ ነው» ይሉሻል። እሱ ጠቅላላ ውፍረቱ ነው። አንቺ የላይኛው እውነተኛ እንጨት ስንት ሚሊ ነው ብለሽ ጠይቂ፣ ምክንያቱም 0.6 ሚሊ የሆነም አለ፣ 6 ሚሊ የሆነም አለ፣ ሁለቱም በአንድ ስም ይሸጣሉ። ወለሉ ከዓመታት በኋላ ሲጫጫር በማሽን ሲላግ በአንዴ ግማሽ ሚሊ ወይም ከዚያ በላይ ይሄዳል። ባለ 0.6ቱን ከላግሽው ኮምፐልሳቶው ብቅ ይላል። ባለ 3 ሚሊው አንድ ሁለት ጊዜ ይችላል። ሦስት ልጅ ባለበት ቤት ከ3 ሚሊ በታች አልመክርሽም፤ ያን ያህል ለሳሳ ነገር የእንጨት ዋጋ ከመክፈል ጥሩ ላሚኔት ገዝተሽ ገንዘብሽን ብታተርፊ ይሻላል። ቀለሙ ደግሞ ፈካ ያለ፣ የማያብለጨልጭ ይሁን። በጫማ የሚገባው አሸዋ ጥቁርና የሚያበራ ወለል ላይ እያንዳንዱን ጭረት ያሳብቃል።

ምድር ቤቱ ግን ያሳስበኛል። ሐይቅ አጠገብ ነሽ፣ ከሊሾው ሥር እርጥበት መከላከያ ላስቲክ በደንብ ካልተነጠፈ እርጥበቱ ከታች መውጣቱን አያቆምም። አንዲት ብር ሳትከፍዪ በፊት ይህን አድርጊ፦ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ወፍራም ላስቲክ ሊሾው ላይ አንጥፊና ዙሪያውን በፕላስተር ግጥም አድርገሽ አሽጊው፣ አንዱን መሀል ላይ፣ አንዱን ግድግዳ ጥግ። ከ24 ሰዓት በኋላ ግለጪው። ከሥሩ ጠል ከያዘ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ እንጨት አይታሰብም። ደረቅ ሆኖ ቢገኝም ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ መለኪያ ያለው ባለሙያ አስለኪ፣ የሲሚንቶ ሊሾ ከሆነ እርጥበቱ ካርባይድ በሚባለው የእርጥበት መለኪያ ከ2 በመቶ በታች መሆን አለበት። አዲስ ሊሾ እስከ 4 ሴንቲ ድረስ ቢበዛ በቀን አንድ ሚሊ ያህል ነው የሚደርቀው፣ ከዚያ በላይ ሲወፍር ይዘገያል፣ ክረምት ከሆነማ ይብሳል። አናጺው «ደርቋል፣ እንጀምር» ቢልሽ እሺ አትበዪ።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ፦ ፎቁ ኢንጂነርድ፣ ሳሎኑና ወጥ ቤቱ ሴራሚክ። ባለቤትሽ ስለ ምድር ቤቱ እውነት አለው። የአማትሽን ክፍል ግን ልኬቱ ደረቅ ከሆነ እንጨት አድርጊላቸው፣ ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ሴራሚክ ለእግራቸው ይቀዘቅዛል። ሳሎኑን ሴራሚክ ያልኩት በእርጥበቱ ብቻ አይደለም። ቡና የሚፈላው እዚያ ነው አይደል? እርጥብ ቄጠማ እንጨት ላይ ተጎዝጉዞ ሲውል ውሃው በመገጣጠሚያው ይሰርጋል፣ ከምድጃው አንድ ፍም ከወደቀ ደግሞ ጠባሳው አይለቅም።

ሥራው ሲጀመር ቀለም ቅቡ ያለቀ፣ መስኮቱ የተገጠመ ይሁን። ካርቶኖቹ ሳይከፈቱ የሚነጠፉበት ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይተኙ። ወለሉ በ2 ሜትር ርዝመት ከ3 ሚሊ በላይ ጎድጎድ ካለ መጀመሪያ ይስተካከል። ከወለሉ ስፋት 10 በመቶ ያህል ጨምረሽ ግዢ፣ የተረፈውን አስቀምጪው፣ ኋላ ያንኑ ቀለም ማግኘት ይከብዳል። ምስጥ አካባቢያችሁ ካለ ደግሞ ከመነጠፉ በፊት መድኃኒት ይረጭ፣ ምስጥ ኮምፐልሳቶ ይወዳል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ያስነጠፍኩት ፓርኬ ክረምት ሲገባ መሀሉ ላይ ጎበጠ፣ ስረግጠው ይሰምጣል። ከነጭራሹ ላስነሣው?
ከታቦር

መልስ፦ ቆይ፣ አታስነሣው። መጀመሪያ ዞኮሎውን፣ ግድግዳው ሥር ዙሪያውን የተገጠመውን ማለቴ ነው፣ አንድ ጎን ንቀልና እይ። ጣውላው ከግድግዳው ጋር ከተጣበቀ ችግሩ እሱ ነው። እንጨት በእርጥብ ወቅት ይሰፋል፣ ዙሪያውን ከ10 እስከ 15 ሚሊ ክፍተት ካልተተወለት መሄጃ ስለሚያጣ ወደ ላይ ይነሣል። ጠርዙን በመጋዝ አስቆርጥ፣ በበሩ ደፍና በቧንቧ ዙሪያም ጭምር። ወለሉ ላይ የተቸነከረ ቁም ሣጥን ካለም ፍታው። ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ራሱ ይተኛል። ክፍተቱ ኖሮ ጎብጦ ከሆነ ግን ውሃ ከሥር እየመጣ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ሁለት ሦስት ጣውላ አንሥተህ ሊሾውን ንካው፣ ምንጩ ቧንቧ ይሁን መሬት ሳይታወቅ አዲስ አታስነጥፍበት።