የአባትሽን ጓዶች ስለ መፈለግና ግንኙነቱን ስለ ማቆየት

ልጄ፣ እንዲህ ብዬ ብጠራሽ ቅር እንደማይልሽ አምናለሁ፤ አባትሽና እኔ በአንድ ዘመን በአንድ ግንባር የነበርን ሰዎች ነንና። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አባትሽ በከረን ግንባር መድፈኛ የነበሩ ሃምሳ አለቃ መሆናቸውን፣ ዛሬ ከአንቺ ጋር ስቶክሆልም እንደሚኖሩ፣ እናትሽ ካረፉ ወዲህ ዝምታ እንዳበዙ፣ አልፎ አልፎም ሌሊት በእንቅልፍ ልባቸው የሰው ስም እንደሚጠሩ ጽፈሽ፣ የድሮ ጓዶቻቸውን በምን መንገድ ፈልጎ ማግኘትና ግንኙነቱን ማቆየት እንደሚቻል ጠይቀሻል። እኔ ኤርትራ በነበረው በ2ኛው አብዮታዊ ሠራዊት ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበርሁ። አሁን የምኖረው በቨርጂኒያ ነው፤ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮም በስድስት አገሮች ተበትነው የሚኖሩ ሠላሳ አንድ ጓዶቼን የስም መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። የምነግርሽ በዚህ ሥራ ካየሁት ነው።

ከሁሉ በፊት አባትሽን ጠይቂያቸው። ይደሰታሉ ብለሽ ሳያውቁት የጓዳቸውን ድምፅ በድንገት እንዳታሰሚያቸው አጥብቄ እለምንሻለሁ። እኔ ይህን ስሕተት ሠርቼዋለሁ። ፍለጋ በጀመርሁበት ዓመት በሚኒሶታ የሚኖር አንድ ጓዴን አገኘሁት፤ ልጁ ቁጥሩን ስለ ሰጠኝ ሳላስነግር ደወልሁለት። ድምፄን ወዲያው ለየው፤ አለቀሰ፣ ሳቀ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል አወራን፤ እኔም ትልቅ በጎ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ሳምንት እንቅልፍ እንዳልወሰደው ባለቤቱ ደውላ ነገረችኝ። የእኔ ድምፅ ለእርሱ የጓደኛ ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን የተመታውንና የወደቀውን ሰው ስም በሬዲዮ ስናገር የሚሰማው ድምፅ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በራሱ ፈቃድ ወደ እኛ መጣ፤ ዛሬ ከሁላችንም በላይ ሰዓት አክባሪው እርሱ ነው። ሌሎች ደግሞ ጨርሶ የማይፈልጉ አሉ። በስደት ማመልከቻቸው ላይ ወታደርነታቸውን ያልጻፉ ስላሉም፣ ሰው ሳይፈቅድ ስሙንና ያለበትን ከተማ ለሌላ አሳልፎ መስጠት አይገባም።

ፍለጋው ለምን አስቸጋሪ እንደሆነ ብታውቂ ደግሞ የአባትሽን ዝምታ በከፊል ትረጂዋለሽ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቆች 121 ሞተውባቸው፣ 536 ቆስለውባቸው፣ አንድም ሰው ሳይማረክባቸው ተመልሰዋል። በመርከብ አብረው ሄደው በመርከብ አብረው ስለ ተመለሱ፣ በአዲስ አበባ ማኅበር ነበራቸው፤ በኮሪያ ቹንቾን ከተማም የመታሰቢያ ሐውልትና አዳራሽ ቆሞላቸዋል። የእኛ ሠራዊት ግን እንደዚያ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ናደው ዕዝ የሚባለው የሠራዊታችን ክፍል በመጋቢት 1980 ዓ.ም. በሰሜን ኤርትራ አፍዓበት ላይ ከተመታ በኋላ ከረንን ይዘን ሦስት ዓመት ቆየን፤ ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. አሥመራ ስትያዝ ግን ክፍለ ጦር፣ ብርጌድ፣ ሻለቃ የሚባል ነገር ሁሉ በአንድ ቀን ፈረሰ። ግማሹ ተማረከ፤ ግማሹ በእግሩ ወደ ሱዳን ድንበር ወርዶ ከሰላ ገባ፤ ከዚያም አንዱ በመተማ በኩል ወደ አገሩ ሲመለስ፣ አንዱ በመጠለያ ዓመታት ቆይቶ ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውስትራሊያ ወይም ወደ ስዊድን ሄደ፤ ሌላው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ጅዳ ቀረ። አጠገቡ ምሽግ ውስጥ የነበረውን ሰው ተሰናብቶ የተለየ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አባትሽ በእንቅልፋቸው የሚጠሯቸው ሰዎች ሞተው ይሁን በሕይወት ኖረው ላያውቁ ይችላሉ።

አሁን ወደ ፍለጋው ልምጣ። ብዙ ልጆች የአባታቸውን ጓድ ስም ከነአባቱ ስም ጽፈው ይጠይቃሉ፤ በዚህ መንገድ ሲገኝ ያየሁት በጣም ጥቂት ነው። በእኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፤ ተሰማ የሚባል አባት ያለው አበበ ደግሞ በየሻለቃው ነበር። ስደት ሲጨመርበት በመጠለያው ምዝገባ ላይ ስም ተለውጧል፣ በባዕድ ፊደል ሲጻፍ ተዛብቷል፣ የአያት ስም የመጨረሻ ስም ሆኗል። እኔ ራሴ ያለሁበት ከተማ ውስጥ፣ ከቤቴ አሥራ አምስት ደቂቃ በሚያስኬድ ቦታ፣ ለሰባት ዓመት ሳላውቅ የኖርሁት የሻምበሌ ሰው ነበረ፤ ሰነዱ ላይ ያለውን ስሙን ሰምቼው ነበር፤ ግን እርሱ መሆኑን በምን ላውቅ እችላለሁ?

ሰው የሚገኘው በሌላ ነገር ነው። የት ሠለጠነ? ታጠቅ ነው፣ ሁርሶ ነው፣ ጦላይ ነው? በብሔራዊ ውትድርና ከገባ በስንተኛው ዙር ገባ? በየትኛው ክፍለ ጦር፣ በየትኛው ሻለቃ፣ በየትኛው ሻምበል ነበረ? ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅጽል ስሙ ማን ነበር? በሠራዊቱ ውስጥ ሰው በእናት በአባቱ ስም ብዙም አይጠራም ነበር፤ በትውልድ ቦታው፣ በቁመቱ፣ በሚያወጣው ዘፈን ይጠራ ነበር። «ከባሌ የመጣው፣ ዋሽንት የሚነፋው መድፈኛ» ብለን ጠይቀን በሦስት ቀን ያገኘነው ሰው አለ፤ ከዚያ በፊት በሙሉ ስሙ አራት ዓመት ፈልገነው ነበር። ስለዚህ አባትሽ ፈቃደኛ ከሆኑ ቡና አፍልተሽ አጠገባቸው ተቀመጪና፣ «ማን ነበር?» ከማለት ይልቅ «መድፉን ከእርስዎ ጋር የሚያገላብጠው ማን ነበር? ራሽን የሚያመጣው ሹፌር ከየት አገር ነበር?» እያልሽ ጠይቂያቸው። የሚሉትን በቃላቸው እንዳለ ጻፊው። የድሮ ፎቶግራፍ ካላቸው በአደባባይ እንዳትለጥፊው፤ በፎቶው ላይ ያሉት ሌሎች ሰዎች አልፈቀዱልሽምና። ለሚታመን አንድ ሰው በግል ላኪው፤ እርሱ ደግሞ ለሌላው ያሳየዋል።

ከልምዴ እንዳየሁት ግን ትልቁ ሥራ ማግኘቱ አይደለም፤ ማቆየቱ ነው። በመጀመሪያው ጥሪ ሁሉም ያለቅሳል፣ ሁሉም «ከእንግዲህ አንለያይም» ይላል፤ በሦስተኛው ወር የሚደውል አይኖርም። ክፋት አይደለም፤ የሚያወሩት ስለሚያልቅ ነው። እኔ ለዚህ መፍትሔ ያገኘሁት ከድሮ ሙያዬ ነው። በሬዲዮ ሥራ ላይ የሚተላለፍ መልእክት ኖረም አልኖረም በተቀጠረው ሰዓት መሣሪያው ይከፈታል፤ «ትሰማኛለህ?» ይባላል፤ «እሰማለሁ» ይባላል፤ ይዘጋል። መስመሩ መኖሩ የሚታወቀው በዚያ ነው። እኛም በየሳምንቱ ቅዳሜ እንደዚያው እናደርጋለን። እኔ ስም እጠራለሁ፤ እያንዳንዱ «እሰማለሁ» ይላል፤ ወሬ ያለው ይቆያል፣ የሌለው ይሰናበታል። አምስት ደቂቃ የፈጀበት ቅዳሜ አለ፤ እስከ እኩለ ሌሊት የቆየንበትም አለ። ወሬ የማምጣት ግዴታ ስለ ሌለበት ማንም አይሸሸውም።

ሰዓቱን በአዲስ አበባ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት አድርገነዋል፤ ምክንያቱም አሜሪካና አውሮፓ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ አገር ቤት አይለወጥም። በዋሽንግተን አካባቢ በፈረንጆች በጋ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በፈረንጆች ክረምት ከቀኑ 7 ሰዓት ይሆናል፤ በአንቺ ዘንድ ስቶክሆልም በበጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በክረምት ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል። በጅዳ ያለው ልክ እንደ አዲስ አበባ ነው። ሜልበርን ያሉት ሁለቱ ጓዶቻችን ግን እሑድ ሊነጋጋ ሲል መነሣት ስላለባቸው፣ ለእነርሱ ከሥራ መልስ የሚመች ሌላ ቀን አንድ ሰው መድበንላቸዋል። ዱባይ ያለው ደግሞ በዚያ አገር የዋትሳፕ ጥሪ ስለማይሠራለት በመደበኛ ስልክ እንደውልለታለን። ጽሑፍ መጻፍ ለእኛ ዕድሜ ከባድ ነው፤ ዓይንም ጣትም አይታዘዝም። ስለዚህ አባትሽን በጽሑፍ ቡድን ውስጥ አስገብተሽ አትተያቸው፤ በስልካቸው ላይ አንድ ቦታ ሲነኩ የሚከፈት ነገር አዘጋጂላቸው፤ ቅዳሜም ከጥሪው አምስት ደቂቃ ቀድመሽ አጠገባቸው ሁኚ።

ከጓዶቻችን አንዱ መቀሌ ነው የሚኖረው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ በትግራይ ስልክ ሲቋረጥ፣ በቅዳሜው ጥሪ ላይ ስሙን ስጠራ የሚመልስ ጠፋ። በሁለተኛው ወር አንዱ፣ «ስሙን ለጊዜው እናንሣው፤ በየሳምንቱ ዝምታውን መስማት ከበደኝ» አለ። በዚያው ሰሞን ስለ ጦርነቱ ክርክር ተነሥቶ ቡድናችን ሊፈርስ ደርሶ ነበር፤ እኛ ከሁሉም ክፍለ ሀገር የመጣን ሰዎች ነን፣ የሁላችንም ዘመድ በአንዱ ወይም በሌላው በኩል ነበር። በአንድ ቅዳሜ ሦስት ሰዎች ተቆጥተው ወጡ። ያን ዕለት ሁለት ነገር ወሰንን፤ በቅዳሜው ጥሪ ላይ ፖለቲካ እንዳይነሣ፣ የመቀሌው ጓዳችን ስም ደግሞ በየሳምንቱ እንዲጠራ። ከሁለት ዓመት በላይ ጠራሁት፤ ከጠራሁም በኋላ መልስ የሚሰጥበትን ያህል ጊዜ እጠብቅ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ስልክ ከተመለሰ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ስሙን ስጠራ «እሰማለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማንም መናገር አልቻለም። ከወጡት ሦስቱ ሁለቱ ይህን ሰምተው ተመልሰዋል፤ አንዱን አሁንም እንጠብቀዋለን።

መርዶን በተመለከተ ሳትዘጋጂ እንዳትጀምሪ እመክርሻለሁ፤ በእኛ ዕድሜ ሞት ቅርብ ነውና። በአንድ ወቅት ሲያትል የሚኖር ጓዳችን አረፈ፤ አንዱ አባል አዝኖ የሻማ ሥዕል ከስሙ ጋር በቡድኑ ላይ አወጣ። ደብረ ብርሃን ያለች እኅቱ ሳትረዳ፣ የጎረቤት ልጅ በስልክ አይቶ ነገራት። አገር ቤት መርዶ ማለዳ፣ ዘመድና የእድር ሰው ተሰብስቦ፣ በሚደግፋት ሰው መካከል ሆና የሚነገር ነገር መሆኑን ታውቂያለሽ፤ እርሷ ግን ብቻዋን እህል ስታበጥር ሰማችው። ከዚያ ወዲህ ሕጋችን ጽኑ ነው፤ ቤተሰብ መረዳቱ ሳይረጋገጥ በቡድኑ ላይ ምንም አይጻፍም፤ በቅርብ ያሉ ሁለት ሰዎች በአካል ሄደው ይነግራሉ።

ከዚህ የሚከብድ ሌላም አለ። ጓዶች ሲገናኙ፣ አንዱ «እገሌ የት ደረሰ?» ሲል ሌላው «አፍዓበት ላይ ስወጣ ወድቆ አይቼዋለሁ» ይላል፤ በጎጃም ወይም በሲዳማ አንዲት እናት ግን መርዶ ስላልመጣላት እስከ ዛሬ ልጇን እየጠበቀች ሊሆን ይችላል። እኛ እንዲህ ያለ ነገር ሦስት ጊዜ ገጥሞናል። በእያንዳንዱ ጊዜ በዓይኑ ያየ ከአንድ በላይ ሰው እስኪገኝ ጠበቅን፤ ከዚያ የአጥቢያውን ቄስና የአገር ሽማግሌ በሰው በኩል አግኝተን በእነርሱ አስነገርን። አንዷ እናት ለቅሶ ተቀምጣ፣ ተዝካሩን አውጥታ፣ ከወራት በኋላ በሰው ስልክ ደወለችልኝና ልጇ የት ቦታ እንደ ቀረ፣ ቦታው ዛፍ እንዳለው ጠየቀችኝ። የማውቀውን ነገርኋት። አባትሽም እንዲህ ያለ ነገር ይዘው ኖረው ከሆነ፣ ለአንቺ ከመናገር ለጓድ መናገር ሊቀላቸው ይችላል፤ በዚህ አትከፊ።

ስለ ገንዘብ የምለው አጭር ነው። የታመመን መርዳት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ገንዘብ በቡድኑ ስም አይሰብሰብ። ችግሩን ሦስት ሰዎች ያጣሩ፤ ከዚያ የሚረዳ ሰው ገንዘቡን በቀጥታ ለታመመው ይላክ። አባትሽን «ጓድህ ነኝ» ብሎ በመጀመሪያው ሳምንት ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ፣ የሻምበል አዛዡን ቅጽል ስም ጠይቁት።

በአካል መገናኘትንም አትርሺ። እኛ በአሜሪካ ያለነው፣ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ሳምንት ግድም በየከተማው የሚያደርገውን የእግር ኳስ ውድድር ምክንያት አድርገን እንገናኛለን፤ ኳሱን የሚያይ ግን ከመካከላችን የለም፤ ከሜዳው ውጭ ጥላ ፈልገን እንቀመጣለን። በአውሮፓም በየበጋው ተመሳሳይ ውድድር አለ፤ አባትሽ መጓዝ ከቻሉ አንድ ጊዜ ውሰጃቸው።

እንግዲህ አባትሽ ከፈቀዱ የሠለጠኑበትን ቦታ፣ ክፍለ ጦራቸውንና ሻለቃቸውን፣ ከረን የገቡበትን ዓመት፣ ቅጽል ስማቸውን፣ በእንቅልፍ የሚጠሯቸውንም ስሞች ጽፈሽ በግል ላኪልኝ። በመዝገቤ ላይ ከከረን መድፈኞች አራት አሉ፤ አንዱ የሚኖረው በኦስሎ ነው። መጀመሪያ እነርሱን ጠይቄ ፈቃዳቸውን አገኛለሁ፤ ከዚያ ለአንቺ እጽፋለሁ፤ ቅዳሜውን አባትሽ ራሳቸው ይምረጡ።