«ግማሽ ልቤ ሞቷል ማለት ነው?»

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ሃርት አታክ ናቸው። ሦስቱም ሲነበቡ ስር ያለው ነገር አንድ ነው፣ ፍርሃት። ስለዚ ሌላውን ጥያቄ ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ ገጹን ሙሉ ለነሱ ሰጠሁት።

ጥያቄ፦ ሲስተር ጤና ይስጥልኝ። 56 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ነው ምኖረው፣ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰኔ ላይ ቢሮ ቁጭ ብዬ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ፣ ጨጓራ ነው ብዬ ወተት ጠጣሁበት፣ ከዛ ላብ በላብ ሆንኩ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ደግፈው ሆስፒታል ወሰዱኝ፣ ሃርት አታክ ነው ተብሎ አንድ ስቴንት (ደም ስሩን ከፍቶ ሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ገባልኝ። አሁን 4 ወር ሆነኝ። ሰው ሁሉ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ይለኛል እኔ ግን መዳኔን ማመን አቃተኝ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃና አንገቴ ስር ደም ስሬን ይዤ እቆጥራለሁ። የግፊት መለኪያ ገዝቼ በቀን ስምንት ዘጠኝ ጊዜ እለካለሁ። የኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ወረቀቴ ላይ 50 ፐርሰንት ይላል፣ ግማሽ ልቤ ሞቷል ማለት ነው? ዶክተሩን ልጠይቀው ነበር ግን ውጪ ብዙ ሰው ይጠብቅ ስለነበር አፈርኩ። ወረቀቱን እስካሁን ኪሴ ውስጥ ይዤው ነው ምዞረው። ልጄ ጥር ላይ ታገባለች፣ ሱፍ እናሰፋልህ ስትለኝ «ቆይ እስቲ» እላታለሁ። እውነቱን ልንገርሽ ጥርን አያለሁ ብዬ ተስፋ ካደረኩ የሆነ ነገር ሚመጣብኝ ይመስለኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያቺን ወረቀት እናንብባት፣ 4 ወር ሙሉ ያልሆነውን ነገር ተሸክመው ነው የከረሙት። ኤኮ ላይ ያለው ቁጥር ከልብዎ ምን ያህሉ እንደሞተ አይደለም ሚናገረው። ልብ በአንድ ምት ውስጡ ከሞላው ደም ስንት እጁን ገፍቶ እንደሚያወጣ ነው። 100 ሚያወጣ ልብ የለም፣ የሯጭም ልብ አያወጣም። ጀበና ሲቀዳ መቼም እስከ ጠብታው አይገለበጥም አይደል፣ ልብም እንደዛው ነው፣ ሁሌም ውስጡ ሚቀር አለ። የጤነኛ ሰው ከ55 እስከ 70 ገደማ ነው፣ እርሶ 50 ላይ ነዎት። ትንሽ ዝቅ ብሏል እንጂ ግማሹ ሄዷል ማለት በፍጹም አይደለም። ወረቀቱን ከኪስዎ አውጥተው ፋይልዎ ውስጥ ያስቀምጡት፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ደሞ ሳያፍሩ ይጠይቁ፣ ያ ሰዓት የርሶ ነው፣ ውጪ ስንትም ሰው ቢጠብቅ።

ሰፈር ውስጥ ደሞ «ልብ ድካም አለበት» ይሉዎት ይሆናል፣ እሱም ያስደነግጣል። ልብ ድካም ሚባለው ልብ ደም መግፋት ሲያቅተው፣ እግር ሲያብጥ፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ሲያጥር ነው። እርሶን የያዝዎት ሌላ ነው፣ ልብን ራሱን ሚመግበው ደም ስር በረጋ ደም ተዘጋ፣ ስቴንቱ ከፈተው። የተጎዳው ቦታ ጠባሳ ሠርቶ እስኪጠነክር 2 ወር ገደማ ይፈጅበታል፣ እርሶ 4 ወር አልፈዋል። ማለት ፈሪ ሆነው ሚጠብቁት ቁስል አሁን ሽሯል።

ፍርሃቱ ግን እውነት ነው፣ ይሄን ማንም እንዲያቃልልብዎት አልፈልግም። ብዙ ዓመት የልብ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። አንድ አባት ነበሩ፣ ከባድ ሃርት አታክ ነበር የያዛቸው፣ ተሽሏቸው ሊወጡ 2 ቀን ሲቀራቸው ሌሊት ዙር ስወጣ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ ሳይ ጫማቸውን እስከ ክሩ አስረው ነው የተኙት። ምነው አባባ ስላቸው «ከመጣ በባዶ እግሬ እንዳይወስዱኝ» አሉኝ። በቀን ስንት ሐኪም ሲያያቸው ይሄን አንድም ቀን አልተናገሩም፣ ስለ ጨው ብቻ ነበር ሚጠይቁት። ከሃርት አታክ በኋላ ከ5 ሰው አንዱ ገደማ ከባድ ድብርት ውስጥ ይገባል፣ ጭንቀቱ ደሞ ከዛም በላይ ብዙ ሰው ጋ አለ። ወንዶቹ አይናገሩም፣ ሚስቶቻቸው ናቸው ኮሪደር ላይ ጎተት አድርገው ሚነግሩን።

ሌሊት ደም ስር መቁጠሩን እንተወው። ፈርተው ሲነቁ ሰውነትዎ አድሬናሊን ይለቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ እርሶ ሲቆጥሩ ፈጥኖ ያገኙታል፣ ባሰብኝ ብለው ይበልጥ ይፈራሉ፣ እሱም ይበልጥ ይፈጥናል። የግፊቱም ነገር ያው ነው። ጠዋትና ማታ ብቻ ይለኩ፣ ከመለካትዎ በፊት 5 ደቂቃ ጀርባዎን ደገፍ አድርገው ዝም ብለው ይቀመጡ፣ ደብተር ላይ ይጻፉት፣ በቀሩት ሰዓታት መለኪያውን ባለቤትዎ ጋ ያስቀምጡ። ለአብዛኛው ሰው ከ130 በ80 በታች እንዲሆን ነው ሚፈለገው። አንድ ቀን 138 ቢል አገር አይፈርስም፣ ሐኪምዎ ሚያየው የሳምንቱን ነው።

«ከመጣስ?» ይሉኛል። ለሱ መልሱ ሌሊት ሚታሰብ ሳይሆን በቀን ተጽፎ ግድግዳ ላይ ሚለጠፍ መሆን አለበት። ደረትዎን ከያዝዎት ያሉበት ይቀመጡ። ምላስ ስር ሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን ታዞልዎት ከሆነ አንድ ያድርጉ። 5 ደቂቃ ቆይቶ ካልቀነሰ ወይ ከባሰ 907 ቀይ መስቀል ወይም 939 ይደወል፣ ካልሆነም የቅርብ ሰው መኪና፣ እርሶ ግን አይነዱም፣ ወተት ፍለጋም አይሄዱም። ያቺ መድኃኒት በራሷ ጠርሙስ ሆና ኪስዎ ውስጥ ትሁን፣ ሙቀትና ብርሃን ያበላሻታል። የድንጋጤውን ከልቡ ለመለየት ያህል፣ የድንጋጤው አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣራ ነክቶ ይወርዳል። በጣት ሚጠቆም፣ ሲጫኑት ወይ ሲገላበጡ ሚወጋ ህመም ብዙ ጊዜ የጡንቻ ነው። የልብ ሚሆነው ሚጫን፣ ሚጨመድድ፣ ወደ ግራ እጅ ወደ መንጋጋ ወደ ጀርባ ሚሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብና ማቅለሽለሽ ያለበት ነው። ሴቶችና ስኳር ያለባቸው ላይ ግን ህመም ሳይኖር ትንፋሽ ማጠርና ድካም ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ሲያጠራጥር መሄድ ነው። ሄዶ «ደህና ነህ» መባል ማንንም አያሳፍርም፣ እኔ እንኳ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ ሚያወጣው ምርመራ) ሳላይ እርግጠኛ መሆን አልችልም።

ለፍርሃቱ ከመድኃኒት ባልተናነሰ ሲሠራ ያየሁት መራመድ ነው። አልጋ ላይ ሆነው ልብዎን ሲያዳምጡት ስለ ልብዎ ምንም አያውቁም፣ 20 ደቂቃ ተራምደው ምንም ሳይሆኑ ሲመለሱ ግን አንድ ነገር አወቁ። የአዲስ አበባ ዳገት እንደሚታወቀው ነው፣ ስለዚ ሜዳውን ይምረጡ፣ ከባድ ምግብ በልተው ወዲያው አይውጡ፣ መጀመሪያ ላይ ከሰው ጋር ይሁኑ። እየሄዱ ማውራት ከቻሉ ልኩ ያ ነው፣ ቃል ከቆራረጠብዎት ቀስ ይበሉ። ሐኪምዎ ከፈቀደ 10 ደቂቃ ጀምረው ቀስ በቀስ እየጨመሩ በሳምንት 5 ቀን 30 ደቂቃ ማድረስ ይቻላል።

ከወር በኋላም እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ምግብ ካስጠላዎት፣ ሰው ማየት ካስጠላዎት ደሞ ለልብ ሐኪምዎ በግልጽ ይንገሩት። ሳይካትሪ ሲባል አማኑኤል ሆስፒታል ትዝ እያለን ስንት ሰው አልጋው ላይ ሲሰቃይ ከረመ፣ ያሳዝነኛል። ሰርትራሊን ሚባለው የድብርት መድኃኒት ለምሳሌ የልብ ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ለልብ እንደማያሰጋ የታየ ነው፣ ሐኪም ካዘዘው ሚያስፈራ አይደለም።

ሱፉን ያሰፉት። ስቴንት ሲገባ ደም እንዳይረጋ ሚከላከሉት አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው አብዛኛውን ጊዜ ለዓመት ነው ሚታዘዙት፣ የርሶም እንደዛ ከሆነ እስከ ሚመጣው ሰኔ ማለት ነው። ሐኪምዎ የዓመት መድኃኒት ሲጽፍ ዓመቱን ይኖራል ብሎ ነው የጻፈው። በነገራችን ላይ ጥርስ ለማስነቀልም ቢሆን፣ ፋርማሲ ጠፋ ተብሎም ቢሆን፣ ጠበል ገብቼ ነው ተብሎም ቢሆን ሐኪሙን ሳይጠይቁ እነሱን ማቆም ስቴንቱ ድንገት እንዲዘጋ ሊያደርግ ይችላል። ጠበሉንም ይጠመቁ መድኃኒቱንም ይዋጡ፣ ንስሐ አባትዎን ቢጠይቁ ይሄንኑ ነው ሚነግሩዎት ብዬ አምናለሁ። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ይግዙ። ለልጅዎ ደሞ «ቆይ እስቲ» ማለቱን ይተዉላት፣ እሷም እኮ ፈርታ ነው ምትጠይቅዎት፣ ሱፉ ሲለካ ማየት የፈለገችው ሱፉን አይደለም።

ጥያቄ፦ ስሜ ይቅር። 48 ዓመቴ ነው፣ ሃርት አታክ ከያዘኝ 3 ወር ሆነኝ። ከባለቤቴ ጋር ለመሆን እፈራለሁ፣ ልቤ እዛው ላይ ሚቆም ይመስለኛል። ጓደኛዬ ቫያግራ ውሰድ አለኝ፣ ይጎዳኛል?

መልስ፦ ወንድሜ ጥሩ አደረክ ጠየቅክ፣ ዝም ብለህ ብትውጠው ነበር ሚያስፈራው። ምላስ ስር ሚደረገውን ናይትሮግሊሰሪን ወይ የዛ ዘር የሆነ ክኒን ምትወስድ ከሆነ ቫያግራ ፈጽሞ አይነካም፣ ሁለቱ ሲገናኙ ግፊት ባንዴ ወርዶ ሰው ሊሞት ይችላል። ቫያግራ ወስዶ ደረቱን የያዘው ሰው 24 ሰዓት፣ ሲያሊስ ሚባለው የዛው ዓይነት ክኒን ከሆነ ደሞ 48 ሰዓት ሳያልፍ ናይትሮግሊሰሪን አይሰጠውም፣ ስለዚ ሆስፒታል ብትደርስ መጀመሪያ ምትናገረው እሱን ነው፣ አትፈር። ለራሱ ለግንኙነቱ ግን፣ ሁለት ፎቅ ደረጃ ደረትህን ሳይዝህ ትንፋሽህ ሳይቆረጥ መውጣት ከቻልክ ልብህ ይችለዋል። ጫት ምትቅም ከሆነ ተወው፣ የልብን ደም ስር ያጠባል፣ ሲጋራውም ያው ነው። ለባለቤትህ ደሞ እንደፈራህ ንገራት፣ እሷ ዝምታህን ሌላ ነገር አድርጋ ተርጉማው ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሲስተርዬ፣ ከአዳማ ነው ምጽፍልሽ። ባለቤቴ ከሃርት አታክ ከወጣ 2 ወር ሊሞላው ነው። ደሴ ያለው ታላቅ ወንድሙ ከ3 ሳምንት በፊት አረፈ፣ እኛ መርዶውን አልነገርነውም፣ ቤተሰቡ በሙሉ «ልቡ አይችልም» አለ። ፌስቡኩን ከስልኩ አጠፋሁበት፣ ልጆቹን አስጠነቀቅኩ። እሁድ እሁድ ወንድሙ ጋ ይደውል ነበር፣ ስልኩ ዝግ ነው ሲለኝ ኔትወርክ ነው እለዋለሁ። አርባው እየደረሰ ነው፣ ምን ላድርግ? ሌሊት ሌሊት እሱ ተኝቶ እኔ ትንፋሹን ሳዳምጥ አድራለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ፍቅር ነው ይሄን ያስደረገሽ፣ ፍርሃትሽም ከመሬት አልተነሳም። የቅርብ ሰው በሞተ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በተለይ በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ የልብ አደጋ ከፍ ይላል። ግን መደበቁ ያንን ቀን አያስቀረውም፣ ከእጅሽ አውጥቶ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል እንጂ። ነገ ሱቅ ሲሄድ አንድ ሰው «እግዜር ያጽናህ» ይለዋል፣ ብቻውን ቆሞ መርዶውን ይሰማል። ያኔ ደሞ የወንድሙን ሞት ብቻ ሳይሆን 3 ሳምንት ሙሉ ቤቱ ውስጥ ሁሉ እንደዋሸው ነው ሚሰማው።

ስለዚ ይነገረው፣ አነጋገሩን ግን እንቀይረው። እኛ መርዶ ምንነግረው ጎህ ሲቀድ ነው አይደል፣ ሃያ ሰው በር አንኳኩቶ ግር ብሎ ገብቶ። ሃርት አታክ በብዛት ሚመጣው ደሞ ጠዋት ነው፣ ገና የሌሊቱ መድኃኒት ሳስቶ የጠዋቱ ሳይዋጥ። መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ ደውይና ልንነግረው ነው በይው። ቀኑን ምረጡ፣ ከሰዓት ይሁን፣ ምሳውን በልቶ መድኃኒቱን ውጦ። አንቺ፣ እሱ ሚያከብረው አንድ ጓደኛው ወይ ንስሐ አባቱ፣ በቃ ሦስት ሰው። አስቀምጡት። «ትንሽ አሞታል» ብላችሁ አትጀምሩ፣ በቀጥታ ወንድምህ አርፏል በሉት። ናይትሮግሊሰሪኑ አጠገብሽ ይሁን፣ የመኪና ነገር ቀድሞ ይታሰብበት።

ይልቀስ፣ አትከልክሉት። እኔን ሚያስፈራኝ ለቅሶው አይደለም፣ ከለቅሶው ጋር ሚመጣው ነገር ነው። ደረት መድቃቱ፣ ሦስት ቀን ሳይበሉ ፍራሽ ላይ ማደሩ፣ በዛው ሌሊት ደሴ ካልሄድኩ ማለቱ፣ ግርግሩ ውስጥ ክኒኑ መረሳቱ። ከልጆቹ ትልቁን መድኃኒት አንተ ነህ ምታስውጠው በይው፣ ሥራው እሱ ብቻ ይሁን። መንገዱን ለአርባው አቆዩት፣ ሐኪሙ ከፈቀደ።

ለምን ደበቅሽኝ ሲልሽ ደሞ «እንዳላጣህ ፈርቼ» በይው፣ ሌላ ምክንያት አትፈልጊ። ቀኑን ስትወስኑ ጻፊልኝ እህቴ፣ ያን ቀን ከሰዓት ሳስብሽ ነው ምውለው።