ኮምፒውተሩን ከማስቀየርህ በፊት ክራንክ ሴንሰሩን እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴ ጉድ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ። የ1999 ሞዴል ማርቸዲስ ኢ 240 አለችህ፤ ሞተሪኖው እንደ ልብ ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ካንዴላ ቀይረህ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ መካኒኩ «የሞተሩ ኮምፒውተር ተቃጥሏል፣ ያገለገለ ፈልገን እንግጠምላት» አለህ። «ላስቀይር ወይስ እንዳለች ልሽጣት?» ነው ጥያቄህ።

አታስቀይር፣ አትሽጥም። መጀመሪያ ክራንክ ሴንሰሩን አስፈትሽ፤ ሞተሩ መዞሩን ለኮምፒውተሩ የምትናገር ትንሽ ዕቃ ናት። ከ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ ወዲህ፣ ይባስ ብሎ በ2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ፣ በምትሸጥበት ዋጋ እሷን የምታክል መኪና አታገኝም። ቆማ የቀረች መኪና ደግሞ ገዢው በብረት ዋጋ ነው የሚጠይቅህ።

ባትሪ፣ ፊውዝ፣ ምናምን የሚለውን እዘለዋለሁ፤ በደንብ እንደምታዞር ነግረኸናል። (እኔ ሳላስለካ ባትሪ ገዝቻለሁ። የተጣለው አሮጌ ባትሪ እስከ ዛሬ የወንድሜን ቪትዝ እያስነሳ ነው።) «ቁልፉ ነው» የሚልህም ይመጣል። የኔዋ ቁልፉን ካላወቀችው ጭራሽ አትዞርም፣ ዳሽቦርዱም አይበራም። ያንተም እንደኔዋ ያቺው ደብሊው 210 የምትባለው ባለ አራት ክብ መብራቷ ሞዴል ስለሆነች እሱን ተወው።

1. ችግሩ ሲጀምር መኪናዋ ስትሞቅ ነበር አይደል? ስትነዳት ቆይተህ ታጠፋታለህ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ስትመለስ እምቢ። ግማሽ ሰዓት ስትቆይ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። ከዚያ እየባሰባት ሄዶ አንድ ቀን ጭራሽ ትዘጋለች። እንደዚህ ካልነበረ ረስተኸው ይሆናል፣ ደህና አድርገህ አስታውስ።

የኔ የጀመረው ሞጆ ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ አዳማ ስትዳር «የሙሽራ መኪና ያንተዋ ትሁን» ተባልኩና ኮፈኗ ላይ አበባ ተለጥፎ ሙሽራዋን ከአዲስ አበባ ይዤ ወረድኩ። ሞጆ ገባ ብለን ውሃ እንግዛ ተባለ። ባላጠፋት ኖሮ! ስመለስ ታዞራለች፣ አትነሳም። «አውቶማቲክ መኪና ተገፍቶ አይነሳም» ብል ማን ሰምቶኝ፣ ሱፍ የለበሱ አራት ሚዜዎች በዚያ ፀሐይ ይገፉ ጀመር። ሙሽራዋ ከኋላ ወንበር ቬሏን ሰብስባ ዝም ብላ ታየኛለች። እስካሁን ያ አስተያየቷ አልወጣልኝም።

አጠገባችን ሲኖ ትራክ ያቆሙ አንድ ሽማግሌ ሹፌር መፋቂያቸውን ከአፋቸው አውጥተው «ልጄ፣ ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ከሆነ ሴንሰር ነው። ከኋላ በኩል ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አድርግበትና እይ» አሉኝ። እኔ ደግሞ በልቤ «ማርቸዲስና ሲኖ አንድ ነው እንዴ?» ብዬ አመስግኛቸው ዞር አልኩ። ከ40 ደቂቃ በኋላ ራሷ ተነሳች። ሰርጉም በሰላም አለቀ። የሳቸውን ነገር ረሳሁት፤ ያቺ ኩራት ከመቶ ሺህ ብር በላይ አስከፍላኛለች።

2. እሳትም ቤንዚንም አንድ ላይ ከጠፉ ሁለት ዕቃ በአንድ ቀን ሞተ ማለት አይደለም። ለሁለቱም ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ነገር ዝም ብሏል ማለት ነው። ይህን አሁን እንደ ሊቅ እነግርሃለሁ እንጂ ያኔ አላውቅም ነበር። ከሞተሩ ኋላ፣ ሞተርና ካምቢዮ የሚገናኙበት ጋ፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ ሴንሰር አለች፤ ክራንክ ሴንሰር የምንላት እሷን ነው። ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ) መዞሩንና የት እንደደረሰ ለኮምፒውተሩ የምትናገር እሷ ናት። ውስጧ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ የተጠመጠመበት ነው፤ ሲያረጅ ሙቀት ይለያየዋል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይገናኛል። እሷ ዝም ካለች ኮምፒውተሩ ሞተሩ የቆመ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ለካንዴላው እሳት አይሰጥም፣ ቤንዚንም አይረጭም፣ ፓምፑንም ያጠፋዋል።

መካኒኮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የኔዋ እየባሰባት ሄዶ ጭራሽ ስትዘጋ የወሰድኩበት ጋራዥ በሩ ላይ «የማርቸዲስ ስፔሻሊስት» ብሎ ለጥፏል፤ ስሙን አልጠራም። ሰውየው ሞተሪኖው እያዞረ ከመኪናዋ ስር የፓምፑን ድምፅ አዳመጠ፣ ምንም የለም። «ፓምፑ ሞቷል» አለ፣ ተቀየረ። አልተነሳችም። ፓምፑ እኮ አልሞተም፣ ትእዛዝ ነው ያጣው! ቀጥሎ ካንዴላ። ይህ ኤም 112 የሚባለው ሞተር በሲሊንደር ሁለት ሁለት ካንዴላ ነው ያለው፤ በ6 ሲሊንደር 12 ካንዴላ ገዛሁ። ያንተም መካኒክ 6 ብቻ ቀይሮ የ12 አስከፍሎህ እንዳይሆን አሮጌዎቹን ተቀብለህ ቁጠር። እኔ ስጠይቅ «ጣልናቸው» ተባልኩ። መኪናዋ ሁለት ወር ከዚያ ግቢ ስትቆም ክሪኩ ጠፋ፣ ምንጣፉ ጠፋ፣ ሞልቼ የሰጠሁት ቤንዚን ወደ ቀይ መብራት ወረደ። የማትነሳ መኪና ቤንዚን ምን ነካው ብል «ስንሞክር» አለኝ።

3. ኦሪጅናል ኮምፒውተርህን ለማንም እንዳትሰጥ። ዋናው ይህ ነው፣ ሌላውን ብትረሳ ይህን ያዝ።

ስፔሻሊስቱ «ኮምፒውተር ነው» ሲል እኔም እንዳንተ ደክሞኝ ነበርና እሺ አልኩ። አንድ ያገለገለ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ይዞኝ ሄደ። ሻጩ «አሮጌውን ለለውጥ ካመጣህ 15 ሺህ እቀንስልሃለሁ» ሲለኝ ተደሰትኩ። ሰጠሁት! የራሴን፣ ደህናውን፣ ምንም ያልሆነውን። የነዚህ መኪናዎች ኮምፒውተር ከቁልፉ ማብሪያ ጋር ተማምሎ የሚኖር ነገር ነው፤ ከሌላ መኪና የመጣ ኮምፒውተር የድሮ ጌታውን እንጂ ያንተን ቁልፍ አያውቅም። ባለሙያ ውስጡን ካልደመሰሰለት በቀር ብትገጥመውም አያስነሳትም። እንደተገጠመ አልተነሳችም፤ ስፔሻሊስቱ «ይኼም የተቃጠለ ነው የሰጡን፣ ሌላ እንፈልግ» አለኝ። ሻጩ ጋ ስመለስ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ ስልኩን እየነካካ፣ «የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም» አለ። ወንበር ላይ እንኳ ተቀመጥ የሚለኝ ጠፋ፤ ገንዘብ ስሰጠው ሻይ ያዘዘልኝ ሰውዬ እኮ ነው።

ከዚያ ነው የሚስቴ ወንድም አንድ ላፕቶፕ ይዞ የሚዞር ወጣት ያመጣልኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ሰው የመኪና ብልሽት የሚያነቡ ትንንሽ ማንበቢያዎች ይዘው መጥተው «የሚሰካበት ሶኬት የለም» ብለው ተመልሰዋል። የኔዋ ሶኬት ኮፈኑ ስር ያለ ክብ ባለ 38 ቀዳዳ ነው፤ ልጁ የራሱን ኬብል ይዞ መጣ። ኮምፒውተሩ ላይ የተመዘገበ የብልሽት ኮድ ሲያይ ስለ ሴንሰር ምንም የለም። ይህንንም ልብ በል፤ «ኮድ ስለሌለ ሴንሰር አይደለም» ይሉሃል፣ ይህቺ ሴንሰር ግን ብዙ ጊዜ ኮድ ሳትተው ነው የምትሞተው። ልጁ ኮዱን ትቶ የሞተሩን ፍጥነት በቀጥታ የሚያሳየውን ገጽ ከፈተና «ጋሼ፣ ያዙርልኝ» አለኝ። አዞርኩ። ሞተሩ እየተንጓጓ ነው፣ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን 0። እንደገና አዞርኩ። 0። «አዩ? እኛ እንሰማዋለን፣ ኮምፒውተሩ አይሰማም» አለኝ። ሲኖ ትራክ የያዙት ሽማግሌ ትዝ አሉኝ።

መጀመሪያ የገዛሁት ሴንሰር ርካሽ ኮፒ ነበር፤ ቁጥሩ ብቅ ይልና ይጠፋል። ከዱባይ የሚመላለስ ዘመድ ኦሪጅናል ቦሽ አመጣልኝ። የያዛት አንድ ብሎን ብቻ ነው፤ የሚፈታውም በተራ ቁልፍ ሳይሆን ውስጡ ኮከብ ቅርጽ ባለው ኢ 8 በሚባል ቡሶላ ነው። በካቻቪቴና በፒንሳ የሚታገል ካየህ አስቁመው፣ ጭንቅላቱን ይበላዋል። ቦታው ጠባብ ነው፣ በእጅህ እየዳሰስክ ነው የምትሠራው፤ ሞተሩ ካልቀዘቀዘ ክንድህ ይጠበሳል። ልጁ በሩብ ሰዓት ጨረሰ። አሁን ስክሪኑ 200 እና ከዚያ በላይ አሳየ።

ግን መቼ ተነሳች! የሰው ኮምፒውተር ነዋ ላይዋ ያለው። ወደዚያ ሻጭ ተመለስኩ፤ የራሴ ኮምፒውተር መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፣ በጠመኔ ቁጥር ተጽፎበታል። በ15 ሺህ የተቀበለኝን 35 ሺህ አለኝ። ተከራክሬ 30 ሺህ። የራሴን! ስገጥማት በአንድ ቁልፍ ብድግ አለች።

ስለዚህ ነገ እንዲህ አድርግ። መካኒኩ ኮምፒውተሩን ፈትቶት ከሆነ ሂድና ዛሬውኑ ተቀበለው፣ ቤትህ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባው። ከዚያ ክቡን ሶኬት የሚያነብ ሰው ፈልገህ እያዞርክ ፍጥነቱን አስነብብ። 0 ካለ ሴንሰሯንና ሽቦዋን እይ። ቁጥር ካሳየ ደግሞ ያኔ ስለ ፓምፕና ስለ ሪሌ ማውራት ትችላለህ። ሴንሰሯን ፈትቶ በኤሌክትሪክ መለኪያ ለክቶ «ደህና ናት» የሚልህ ካለ ቀዝቅዛ እንደለካት ንገረው፤ ቀዝቅዛ ደህና የምትመስል ስትሞቅ ልትለያይ ትችላለች።

እኔ አሁን አንድ ትርፍ ቦሽ ሴንሰር ከነቡሶላዋ ዳሽቦርድ ውስጥ ይዤ ነው የምሄደው። አዲስ አበባ ከሆንክ በውስጥ ጻፍልኝ፣ ለሙከራ አውስሃለሁ። ለሙከራ ብቻ ግን፤ መኪናህ ብትነሳባት እንኳ የራስህን ገዝተህ የኔን ትመልሳለህ።