ጥሞና ለምታደርጉ ወጣቶች

"በየቀኑ ለብቻዬ መጽሐፍ ቅዱስ እያነበብኩና እየጸለይኩ ጥሞና አደርጋለሁ፤ ግን ኢየሱስን ይበልጥ እያወቅኩት አይመስለኝም። ልተወው እንዴ?" ብላ አንዲት ወጣት ነርስ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የድሮ ታካሚዬን አስታወሰኝ። ስለዚህ ለእሷም፣ እንደ እሷ ለምታስቡም ልጻፍ።

ያኔ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። አንዲት አዛውንት እናት ዓይናቸው ደክሞ ማንበብ አቅቷቸው ነበር። መድኃኒታቸውን ከዋጡ በኋላ "ልጄ፣ ከማርቆስ ትንሽ አንብቢልኝ" ይሉኛል። መጽሐፍ ቅዱሳቸው ጀርባው በፕላስተር ተጠግኗል። ሌሎቹን ታካሚዎች እንዳልቀሰቅስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነባለሁ። እኔ ምዕራፉን ለመጨረስ እቸኩላለሁ፤ እሳቸው ያስቆሙኛል። ምዕራፍ 4 ላይ ኢየሱስ ጀልባ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ማዕበሉ ሲነሣ "ትራስ ተንተርሶ ነበር የሚለው? ምን ያህል ደክሞት ይሆን!" አሉ። ትራሱን የጻፈው ማርቆስ ብቻ ነው። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ሳነበው ልብ ብዬው አላውቅም።

ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ ኢየሱስ ከሞት ያስነሣትን የኢያኢሮስን ልጅ ታሪክ አስደገሙኝ። ልጅቷ ተነሥታ ስትመላለስ ሰዎቹ በመገረም ፈዝዘዋል። ኢየሱስ ግን የምትበላው ስጧት ይላል። "አየሽ፣ እንደራባት ያሰበው እሱ ነው" አሉኝ። ከሕመም የተነሣ ሰው ምን እንደሚያስፈልገው ሥራዬ አስተምሮኛል። ያን ሌሊት ኢየሱስን እዚያው አልጋው አጠገብ ቆሞ ያየሁት ያህል ቀረበኝ።

ወንጌሉን ሳንጨርስ እኔ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወርኩ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እንዲህ ማንበብን ከማን እንደተማሩ ሳልጠይቃቸው መቅረቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ ብል አትቀየሙኝ። ስልክ ላይ የመጣች አንዲት ጥቅስ አንብባችሁ፣ ሼር አድርጋችሁ፣ ጥሞናዬን ጨረስኩ ትላላችሁ። ስልኩን አስቀምጡና መጽሐፉን ግለጡ። እርግጥ እኔም አሁን ዓይኔ ሲደክም ወንጌሉን በስልክ ነው የማዳምጠው። ተረጋግቶ ስለሚነበብ ያመለጠኝን ሁሉ እሰማበታለሁ።

ጸልዩ፣ ሰዓት መድቡ የሚለውን ታውቁታላችሁ። አራቱ ወንጌሎች 89 ምዕራፍ ናቸው፤ በቀን አንድ ቢነበብ በሦስት ወር ያልቃል። ግን አንዱ ምዕራፍ ሳምንት ቢፈጅም ይፍጅ። "ለእኔ ምን ይለኛል?" ከማለታችሁ በፊት እሱ ማንን አየ፣ ምን ጠየቀ፣ ምን አደረገ በሉ። የጥሞና መጽሐፍ ጥሩ ነው፤ ከወንጌሉ በኋላ ይምጣ እንጂ።

ደቀ መዝሙሩ ፊልጶስ አብሮት ውሎ አብሮት አድሮ እንኳ፣ ይህን ያህል ዘመን አብሬያችሁ ስኖር አታውቀኝምን ተብሏል፤ ዮሐንስ 14 ላይ አለ። ኢየሱስ ግን አላባረረውም፤ ማስተማሩን ቀጠለ። ስለዚህ እህቴ፣ አትተይው። ነገ ማርቆስ 1ን ጀምሪ፤ ያስቆመሽን ነገር ጽፈሽ ስንገናኝ አሳዪኝ።