የጎደለኝ አንድ ጥርስ፣ የተጠየቅሁት የሦስት ዋጋ

ጥያቄ፦ ከዓመት በፊት በስተቀኝ ከታች የመጀመሪያው ትልቁ መንጋጋ ጥርሴ ተነቀለ። ብሪጅ (ከአጠገቡ ባሉ ጥርሶች የሚደገፍ ቋሚ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ላሠራ ብዬ እዚሁ አዳማ ሁለት ክሊኒክ ጠየቅሁ። አንደኛው የሦስት ጥርስ ዋጋ ነገረኝ። ሌላው ከፊቱ ባለው ጥርስ ላይ ብቻ አንጠልጥሎ በሁለት ጥርስ ዋጋ እንደሚሠራልኝ ነገረኝ። ርካሹን ብመርጥ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ የሦስት ዋጋ የጠየቀዎት ክሊኒክ አልበደለዎትም። የብሪጅ ዋጋ የሚታሰበው በጎደለው ሳይሆን በሚሠራው ጥርስ ቁጥር ነው። ከክፍተቱ ፊትና ኋላ ያሉት ጥርሶች ተሞርደው ክራውን (ጥርሱን ሙሉ የሚሸፍን ቆብ) ይለብሳሉ፤ የመሃሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሁለቱ ጋር አንድ ወጥ ሆኖ ይሠራል። ለስሌት ያህል የአንዱ ዋጋ 6,000 ብር ቢሆን ጠቅላላው 18,000 ይመጣል። ራጅ፣ የጊዜያዊ ጥርስ፣ ካስፈለገም የሩት ካናል ሕክምና (የጥርሱን ነርቭ አውጥቶ ሥሩን መሙላት) በዚህ ውስጥ ይካተቱ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ሒሳቡ ሳይታሰብ የሚያብጠው በእነዚህ ነው።

ሁለተኛውን ሐሳብ ግን አይቀበሉ። በአንድ ወገን ብቻ የሚንጠለጠል ብሪጅ ጫና በማይበዛበት በላይኛው የፊት ጥርስ አካባቢ ሊያገለግል ይችላል። ትልቁ መንጋጋ ግን ዋናው የማኘክ ጫና የሚያርፍበት ቦታ ነው። ባኘኩ ቁጥር ተንጠልጣዩ ወደ ታች ይጫናል፣ ከፊቱ ያለው ቀጭን ሥር ያለው ጥርስም ይወዛወዛል። ውሎ አድሮ ማጣበቂያው ይለቃል ወይም ጥርሱ ራሱ ይሰነጠቃል፤ ያኔ የጎደለዎት ሁለት ይሆናል።

አንድ ዓመት ማለፉም ቀላል ነገር አይደለም። ከኋላ ያለው መንጋጋ ጥርስ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል፣ ከላይ ያለውም ተቃራኒ ጥርስ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ሳይሞረድ በፊት ራጅ ይነሡ፤ የሁለቱ ጥርሶች ሥርና ዙሪያቸው ያለው አጥንት ይታይ። በጣም ያዘነበለ ጥርስ ብሪጁ እንዲገባለት አብዝቶ ስለሚሞረድ ነርቩ ሊጎዳ ይችላል።

ሲሞረድ ከላይ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር፣ ከጎንም 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይነሣል። ይህ ተመልሶ አይበቅልም። ሁለቱ ጥርሶች ሙሌት የሌላቸው፣ ፍጹም ጤነኛ ከሆኑ እነሱን ከመነካካት በፊት ስለ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ በሚተከል ብሎን ላይ የሚቆም ሰው ሠራሽ ጥርስ) ዋጋ መጠየቅ ይገባል ብለን እናምናለን። ሁለቱም ቀድሞውኑ ትልቅ ሙሌት ካላቸው ግን ብሪጁ ይሻላል፤ ክራውኑ ለእነሱም ይጠቅማቸዋል።

ከሞረዳው በኋላ ልክ ይወሰዳል፤ ሥራው ከላቦራቶሪ እስኪመጣ ጊዜያዊ ጥርስ ይደረጋል። ያለ እሱ አይውጡ፤ የተሞረደ ጥርስ ቅዝቃዜና ሙቀት አይችልም፣ ቦታውንም ይለቃል። ቀለም የሚመረጠው ከመሞረዱ በፊት፣ ጥርሱ በምራቅ እንደረጠበ፣ በቀን ብርሃን ነው፤ የደረቀ ጥርስ ከእውነተኛ መልኩ ነጥቶ ይታያል። በአዳማና በወንጂ አካባቢ ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውኃ ጠጥቶ ያደገ ሰው ጥርሱ የበለዘ ሊሆን ስለሚችል፣ አዲሱ በጣም ነጭ እንዳይሆንበት ይህን ደረጃ አያቻኩለው። ለመንጋጋ ብረት ያለበት ሴራሚክም ሆነ ዚርኮኒያ (ብረት የሌለበት ጠንካራ ነጭ ሴራሚክ) ይሆናል፤ በድዱ ጠርዝ ጥቁር መስመር እንዳይታይ የሚፈልግ ዚርኮኒያውን ይምረጥ።

ጥያቄ፦ ብሪጄ በአንድ ወገን የላላ ይመስለኛል፣ ግን አያመኝም። ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። ሲጫኑት ከጠርዙ አረፋ ከወጣ ወይም መጥፎ ጠረን ካለው ማጣበቂያው በአንድ ጫፍ ለቋል። በሌላው ጫፍ ተይዞ ስለሚቆይ አይወልቅም፤ ከሥሩ ግን ምግብና ምራቅ እየገባ ጥርሱን ያበሰብሰዋል። ነርቩ ቀድሞ የወጣለት ጥርስ ከሆነ ሕመም ጨርሶ አይሰማዎትም። በዚህ ሳምንት ያሳዩ። ቢወልቅብዎ በሱፐር ግሉ አይለጥፉት፤ አጥበው በንጹሕ ዕቃ ይዘው ይሂዱ። ጥርሱ ካልበሰበሰና ብሪጁ ካልተሰበረ ብዙውን ጊዜ ያው ብሪጅ ተጸድቶ እንደገና ይለጠፋል።